«የአባቴ ኩላሊት በአራት ቀን ሥራ አቆመ ተባልኩ፤ ይመለሳል?»

ጥያቄው፦ የምጽፈው ከአዳማ ነው። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ 60 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለስኳር ሜትፎርሚን ይወስዳሉ። ለጉልበታቸው ደግሞ ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየገዙ ለሁለት ሳምንት ውጠዋል። ባለፈው ሳምንት አራት ቀን ተቅማጥና ትውከት አጣደፋቸው፤ ከዚያ ሽንታቸው አነሰ፣ ንግግራቸውም ይምታታ ጀመር። ሆስፒታል ስናስገባቸው ክሬቲኒን 3.1፣ ዩሪያ 150፣ ፖታሲየም 5.8 ተገኘ። ከሦስት ወር በፊት ክሬቲኒናቸው 0.9 ነበር። ወረቀቱ ላይ «የኩላሊት አቅም 20» ይላል። ዘመድ አዝማድ «እጥበት ከተጀመረ አይቆምም»፣ «ቶሎ አዲስ አበባ ውሰዷቸው» እያለ አስጨንቆናል። ኩላሊታቸው ይመለሳል? ምን እናብላቸው? ለጉልበታቸውስ ከእንግዲህ ምን ይውሰዱ?

ምላሽ፦ ከጻፏቸው ቁጥሮች ሁሉ ትልቁን ቁም ነገር የያዘው የሦስት ወር በፊቱ ክሬቲኒን (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ)፣ 0.9 ነው። እሱ ባይኖር 3.1ን ብቻ ያየ ሐኪም ጉዳዩ ለዓመታት ተደብቆ የቆየ ይሁን ወይም የዚህ ሳምንት ለመለየት ይቸገር ነበር። አሁን ግን መልሱ ወረቀቱ ላይ አለ፤ የአባትዎ ሕመም ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ነው። ሥር ከሰደደው የኩላሊት ሕመም ዋናው ልዩነቱ የመመለስ ዕድል ያለው መሆኑ ነው። መነሻው የፈሳሽ መሟጠጥና መድኃኒት ሲሆን ደግሞ ዕድሉ የተሻለ ነው። ስለዚህ ቤት ሸጦ ንቅለ ተከላ ማድረግ የሚል ሐሳብ ከመጣ ለጊዜው ይቆይ። የሚቀጥሉት ሦስት አራት ቀናት ሥራ ሌላ ነው።

ድንገተኛ ጉዳት የሚባለው ክሬቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በዴሲሊትር 0.3 ሚሊግራም ሲጨምር፣ ወይም በ7 ቀን ውስጥ የመነሻውን አንድ ተኩል እጥፍ ሲደርስ፣ ወይም ሽንት ለስድስት ሰዓት ያህል ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በሰዓት ከግማሽ ሚሊሊትር ሲያንስ ነው። ሦስት ደረጃ አለው። የአባትዎ ከመነሻው ሦስት እጥፍ ስላለፈ ሦስተኛው፣ ማለትም ከባዱ ነው። ይህ ደረጃ ግን ሥር በሰደደው ሕመም ላይ «ደረጃ አምስት ደርሷል» ሲባል ከሚሰሙት ጋር አይገናኝም። እዚያ ደረጃው የቀረውን አቅም ይለካል፤ እዚህ የሚለካው የአደጋውን ክብደት ነው።

«የኩላሊት አቅም 20» የሚለውን ለጊዜው ይርሱት። ያ ቁጥር ከክሬቲኒን፣ ከዕድሜና ከፆታ በቀመር የሚወጣ ሲሆን፣ ቀመሩ የሚያገለግለው ክሬቲኒን ባለበት ረግቶ ሲቆይ ነው። በየቀኑ በሚለዋወጥበት ሰዓት ይስታል፦ ክሬቲኒን እየወጣ ሳለ አቅሙን ከእውነተኛው አብልጦ፣ እየወረደ ሳለ ደግሞ አሳንሶ ያሳያል። የላቦራቶሪው ማሽን ግን ይህን ስለማያውቅ ዝም ብሎ ያትመዋል፤ ስንቱ ቤተሰብ በዚህ አንድ መስመር ሲያለቅስ ያድራል።

ሌላው የሚያሳስተው ዩሪያ የሚባለው ቆሻሻ ነው። አንዱ ላቦራቶሪ ዩሪያውን ራሱን ይጽፋል፣ ሌላው በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ብቻ፣ ማለትም ቢዩኤን የሚባለውን ይጽፋል። ዩሪያን ወደ ቢዩኤን ለመለወጥ በ2.14 ይካፈላል፤ የአባትዎ 150 ቢዩኤን ሲሆን 70 ገደማ ነው። ስለዚህ ነገ ሌላ ላቦራቶሪ 70 ብሎ ቢጽፍልዎ በአንድ ሌሊት በግማሽ ወረደ ብለው እንዳይደሰቱ፤ ከ70 ወደ 150 ቢያልፍም እንዳይደነግጡ። ምርመራው ከተቻለ ሁልጊዜ በአንድ ላቦራቶሪ ይሁን። ቢዩኤንን ለክሬቲኒን ስናካፍል፣ 70 ለ3.1፣ ወደ 22 ይመጣል። ከ20 በላይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም አንሷል ማለት ነው፤ ከተቅማጡ ታሪክ ጋርም ይገጥማል። ነገር ግን የጨጓራ መድማትም ዩሪያን ለብቻው ከፍ ያደርጋል፣ ዳይክሎፌናክ ደግሞ ጨጓራን ያደማል። ሰገራቸው ጠቁሮ እንደነበር ካስተዋሉ ዛሬውኑ ለሐኪሙ ይንገሩ።

አሁን ለምን በእርሳቸው ላይ ደረሰ ወደሚለው ልምጣ። ያንኑ ተቅማጥ የያዘው የ25 ዓመት የልጅ ልጃቸው በሦስተኛው ቀን ኳስ ሊጫወት ይችላል። አንደኛው ምክንያት 0.9 በሽማግሌና በወጣት አንድ አለመሆኑ ነው። ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚመጣ ስለሆነ ጡንቻቸው የሳሳ ሽማግሌ ኩላሊታቸው ቢደክምም ቁጥሩ ቶሎ አይወጣም። በአንዱ የተለመደ ቀመር ሲሰላ 0.9 ያለው 70 ኪሎ የሚመዝን የ25 ዓመት ወጣት በደቂቃ 124 ሚሊሊትር ያህል ያጣራል፤ 0.9 ያላቸው አባትዎ ግን 61 ገደማ። ያው ቁጥር፣ ግማሽ አቅም። በዚያ ላይ በዕድሜ የጥማት ስሜት ይደክማል፤ ሰውነታቸው ደርቆም «አልጠማኝም» ይላሉ፣ እውነታቸውንም ነው። የአዳማ ሙቀት ሲታከልበት በላብ የሚወጣውን ማንም አይቆጥረውም።

ሁለተኛው ምክንያት የመድኃኒቶቹ መገጣጠም ነው። በወንጂ ሸንኮራ እርሻ የመስኖ ቦይ አይተው ከሆነ ውኃው ማሳው ላይ የሚተኛው መግቢያው ተከፍቶ መውጫው ጠበብ ሲል ነው። የኩላሊት ማጣሪያም መግቢያና መውጫ ደም ሥር አለው። ፈሳሽ ሲጎድል ሰውነት መግቢያውን ከፍቶ መውጫውን በማጥበብ ግፊቱን ይጠብቃል። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን መግቢያው እንዳይከፈት ያደርጋሉ። ኢናላፕሪል መውጫው እንዳይጠብ ያደርጋል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ተቅማጡ ደግሞ ቦዩን ራሱን ያደርቁታል። ስለዚህ «የግፊቱ መድኃኒት ኩላሊቱን ገደለው» የሚለውን አልቀበልም። ኢናላፕሪል በደህናው ጊዜ የስኳር ሕመምተኛን ኩላሊት ከሚጠብቁ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ጉዳቱን ያመጣው ሦስቱ በአንድ ሳምንት መገናኘታቸው ነው፤ ከሦስቱ ደግሞ ጨርሶ ሊቀር ይችል የነበረው ዳይክሎፌናኩ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራዎ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የታዘዘውንም፣ ከሱቅና ከፋርማሲ የተገዛውንም፣ ከጎረቤት የመጣውንም፣ በአንድ ፌስታል ጨምረው ለሐኪሙ አልጋው ላይ መዘርገፍ ነው። በቃል ሲጠየቁ ሽማግሌዎች የሚናገሩት የታዘዘላቸውን ብቻ ነው፤ ለሕመም ማስታገሻ የገዙትን ክኒን ወይም በየክሊኒኩ የተወጉትን መርፌ እንደ መድኃኒት አይቆጥሩትም። ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ዳይክሎፌናክና ሜትፎርሚን አሁን መቆም አለባቸው። ሜትፎርሚን ኩላሊትን አይጎዳም፤ ግን ኩላሊቱ ካላወጣው ደም ውስጥ አሲድ ሊጠራቀም ይችላል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒንም የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ፤ ኩላሊት ሲደክም ከሰውነት ሳይወጣ ይቆይና ስኳርን ሌሊት ላይ በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። ኢንሱሊንም በዚህ ሰዓት ከወትሮው ያነሰ መጠን ይበቃል። የንግግራቸው መምታታት ከዩሪያው ይሁን ከስኳር መውረድ የሚለየው ጣት ተወግቶ ነው፤ ይህ ምርመራ ደቂቃ አይፈጅም፣ አይታለፍ። የግፊታቸው ነገር አያሳስብዎ፤ ግፊቱ ከወጣ አምሎዲፒን መስጠት ይቻላል።

ሁለተኛው ፈሳሽ ነው። በእኛ አገር የሚሰካ ነገር ሁሉ «ግሉኮስ» ይባላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በተቅማጥ የወጣውን ጨውና ውኃ የሚተካው ኖርማል ሳላይን ወይም ሪንገር ላክቴት ነው። ባለ 5 በመቶው ስኳር ውኃ በደም ሥር ውስጥ ብዙም አይቆይም፣ የስኳር ሕመምተኛ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። መጠኑ ላይ ችኮላ አያስፈልግም፤ ለሽማግሌ 250 ሚሊሊትር ሰጥቶ ሳንባውን ማድመጥ፣ ግፊቱንና የትንፋሹን ፍጥነት አይቶ መድገም ይሻላል። ቤተሰብ «ሌላ ይጨመርላቸው» ብሎ የሚገፋው፣ ነርሷም የምትጨምረው፣ በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ ማጠር ሆኖ ይመጣል። ሽንት የሚያስወጣው ላሲክስም ኩላሊቱን አያድንም፤ ጥቅሙ ፈሳሽ ሲበዛ ማውረድ ነው። በደረቀ ሰውነት ላይ ሲሰጥ ያባብሳል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የሽንት መዘጋት ነው። በ74 ዓመት ወንድ ላይ ፕሮስቴት ሳይታይ ስለ ኩላሊት ማውራት አይቻልም። ከዚህ በፊት ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ይነሱ ነበር? ሽንታቸው ቀጥኖና እየተቆራረጠ ይወርድ ነበር? «ጠብ ጠብ ይላል እኮ፣ አልተዘጋም» የሚለው አያሳምንም፤ ፊኛው ከልክ በላይ ሲሞላ ትርፉ እንዲሁ ይንጠባጠባል። አልትራሳውንድ ሁለት ነገር ይነግራል። አንደኛ፣ ኩላሊቶቹ በውኃ ተወጥረው እንደሆነና ከሽንት በኋላ ፊኛ ውስጥ የቀረውን መጠን። ሁለተኛ፣ የኩላሊቶቹን ቁመት፤ ከ9 ሴንቲ ሜትር አንሰው ሽፋናቸው ከሳሳ ከዚህ በፊት የቆየ ሕመም ነበር ማለት ነው። መዘጋት ከተገኘ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት ብቻ በሰዓታት ውስጥ ነገሩን ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ በሰዓት ከ200 ሚሊሊትር በላይ ሽንት ለብዙ ሰዓት ሊወርድ ይችላልና «ዳነ» ተብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ከወጣው ላይ በከፊል ካልተተካ እንደገና ይደርቃሉ።

ትኩሳት ካለ ወይም ከነበረ ደግሞ የወባ የደም ምርመራ ይጠየቅ። አዳማ ወባ የሚገኝበት አካባቢ ነው፤ ከባድ ወባ ለብቻው ኩላሊትን ይጥላል፣ ትውከቱና ተቅማጡም የእሱ ሊሆን ይችላል። የሽንት ምርመራም ርካሽ ነው ተብሎ አይናቅ። ፕሮቲንና ደም በብዛት ከታየበት ነገሩ የፈሳሽ እጥረት ብቻ አይደለም፤ የማጣሪያዎቹ ራሳቸው መቆጣት አለ ማለት ነውና የኩላሊት ስፔሻሊስት በአስቸኳይ ሊያየው ይገባል። ከቆየ የአጥንት ሕመም ጋር የደም ማነስና የደም ካልሲየም ከፍ ማለት ሲገኝም እንዲሁ።

የዚህን ሌሊት አደጋ ብጠየቅ ክሬቲኒኑን ትቼ ፖታሲየሙን እጠራለሁ። ክሬቲኒን 3.1 ሰው አይገድልም። ፖታሲየም ግን ልብን ሊያቆም ይችላል፣ ሳያስጠነቅቅም ነው። 5.8 መካከለኛ ነው፤ ኢናላፕሪሉ ሲቆምና ሽንት ሲመለስ ሊወርድ ይችላል። ቢሆንም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ዛሬ ይነሳ፣ ፖታሲየሙም በሰዓታት ልዩነት ይደገም። ደሙ በግድ ተቀድቶ ወይም ላቦራቶሪ ሳይደርስ ቆይቶ ከሆነ ሴሎቹ ይፈነዱና ቁጥሩ በሐሰት ይወጣል። 6.5 ከደረሰ ወይም የልብ ምርመራው ከተለወጠ ሌላ ውጤት ሳይጠበቅ ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር ይሰጣል፤ እሱ ልብን ለግማሽ ወይም ለአንድ ሰዓት ይጠብቃል እንጂ ፖታሲየሙን አያወርድም። የሚያወርደው 10 ዩኒት መደበኛ ኢንሱሊን ከ25 ግራም ግሉኮስ ጋር ነው፤ በሩብ ወይም በግማሽ ሰዓት ይጀምርና ለአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ስኳራቸው በየሰዓቱ መለካት አለበት፤ ኢንሱሊኑ በደከመ ኩላሊት ቶሎ አይወጣምና ከሰዓታት በኋላ ስኳሩ ድንገት ሊወርድ ይችላል።

አዲስ አበባን በተመለከተ፦ በፍጥነት መንገዱ ቅርብ ነው፣ መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግን ፖታሲየሙ ሳይታወቅ በግል መኪና ከኋላ አስተኝቶ መውሰድ ከሁሉም የከፋ ውሳኔ ነው። መሄድ ካለባቸው መጀመሪያ ፖታሲየሙ ይውረድ፣ የልብ ምርመራው ይታይ፣ የሚቀበለው ሆስፒታል አልጋና የእጥበት ማሽን እንዳለው በስልክ ይረጋገጥ፤ ከዚያ በአምቡላንስ ከነርስ ጋር። ያለዚያ አንድ ሙሉ ቀን በየድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ያልቃል። ፈሳሽ መስጠት፣ መድኃኒት ማቆም፣ ካቴተር ማስገባትና ፖታሲየም መከታተል ላቦራቶሪና ሐኪም ባለበት በማንኛውም አጠቃላይ ሆስፒታል ይሠራል። ጉዳዩን የሚወስነውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

እጥበት ላይ ዘመዶችዎ የሚሉት ግማሽ እውነት ነው። ሥር በሰደደው የመጨረሻ ደረጃ እጥበት ወይ ይቀጥላል ወይ በንቅለ ተከላ ይተካል። በድንገተኛው ግን እጥበት ኩላሊቱ እስኪያገግም የሚደረግ ድጋፍ ነው፤ ለሁለት ሦስት ሳምንት ተደርጎ የሚቆምላቸው ብዙ ናቸው። ኩላሊቱን ሥራ የሚያስፈታው እጥበቱ አይደለም። በሌላ በኩል ክሬቲኒን ስለወጣ ብቻ ቶሎ መጀመርም አይጠቅምም። በፈረንጆቹ 2016 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉ ታማሚዎችን ቶሎ በሚጀምርና በሚጠብቅ ቡድን ሲከፍል፣ ከሚጠብቀው ቡድን ግማሽ ያህሉ ጭራሽ እጥበት ሳያስፈልጋቸው ቀርቷል፤ በሞት በኩልም ልዩነት አልታየም። በ2020 በብዙ አገሮች የተሠራ ሰፊ ጥናትም ያንኑ አጠናክሯል። የሚያስገድዱት ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ በመድኃኒት አልወርድ ያለ ፖታሲየም፣ ሳንባን የሞላና በላሲክስ ያልወጣ ፈሳሽ፣ ከባድ የደም አሲድ፣ ዩሪያ ያመጣው የልብ ሽፋን መቆጣት ወይም ራስን መሳት። ከእነዚህ አንዱ ካለ ግን ማመንታት አይገባም። ያኔ ፊርማ የሚጠየቁት አንገት ወይም ብሽሽት ላይ ለሚገባ ጊዜያዊ ቱቦ ነው፤ ክንድ ላይ ቀዶ ጥገና ይደረግ የሚልዎ ካለ አሁን ለምን እንዳስፈለገ ይጠይቁት።

አስታማሚው ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ሽንት በመለካት ነው። አንድ የሊትር ሃይላንድ ጠርሙስ አፉን ሰፋ አድርገው ይቁረጡ፤ በመርፌ ሲሪንጅ እየለኩ ውኃ ጨምረው በየ100 ሚሊሊትሩ በእስክሪብቶ መስመር ያስምሩ። አባትዎ 60 ኪሎ ስለሆኑ በሰዓት 30፣ በ24 ሰዓት ከ720 ሚሊሊትር በላይ እንፈልጋለን። ሰዓቱንና መጠኑን በደብተር ይጻፉ፤ የጠጡትንና የተሰካላቸውንም በሌላው ዓምድ። «ደህና ሸንተዋል» የሚል ሪፖርት ለሐኪም ምንም አይነግረውም፤ «ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት 180» የሚለው ግን ሕክምናን ይቀይራል። ከተቻለ ጠዋት ጠዋት ከሽንት በኋላ በአንድ ሚዛን ይመዘኑ፤ በአንድ ሌሊት የጨመረ አንድ ኪሎ ሥጋ አይደለም፣ አንድ ሊትር ፈሳሽ ነው።

የጎደለው ፈሳሽ ከተተካ በኋላ በቀን የሚጠጡት ልክ የትናንቱ ሽንት መጠን ሲደመር ግማሽ ሊትር ያህል ነው። ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ብርቱ ሙቀት ካለ ይጨመራል። «ውኃ ኩላሊትን ያጥባል» እያሉ በቀን አራት ሊትር የሚያጠጡ አሉ። ሽንት በሌለበት የሚጠጣ ውኃ መሄጃው ሳንባና እግር ነው፤ የደም ሶዲየምንም ያወርዳል፣ መምታታቱም ይብሳል።

ምግብ ላይ የመጀመሪያው ችግር የጠያቂው ዘንቢል ነው። ሆስፒታል ባዶ እጅ አይኬድም፤ የሚመጣውም ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ቴምርና ከጁስ ቤት የተገዛ አቮካዶ ያለበት ስፕሪስ ነው። አራቱም የፖታሲየም ጎተራ ናቸው። ጠያቂን ሳያስቀይሙ ተቀብለው ለአስታማሚው ያድርጉት። ቲማቲም የበዛበት ወጥና የድንች ሾርባም እንዲሁ፤ ድንች ካማራቸው ተልጦ በትንሹ ተከትፎ በብዙ ውኃ ይቀቀልና ውኃው ይደፋ። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ጥቅል ጎመን፣ ፖም፣ እንጀራ በልኩ ይስማማቸዋል። ሁለተኛው ችግር ተቃራኒው ነው፤ «ፕሮቲን ኩላሊት ይጎዳል» ብሎ ሰውን ማስራብ። የታመመ ሽማግሌ ሳይበላ ከሰነበተ ጡንቻውን ይበላል፣ ዩሪያውም ከፍ ይላል። እጥበት ላይ ላልሆኑት በቀን ለኪሎ 0.8 እስከ 1 ግራም፣ ለአባትዎ ከ48 እስከ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፤ እንቁላል፣ ዓሣና ትንሽ ሥጋ ተከፋፍሎ ይሰጣቸው። ጨው ይቀነስ፤ ግን «ለግፊት የሚሆን ጨው» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ፖታሲየም ክሎራይድ ስለሆነ አይነካ።

ከባህል መድኃኒት ለጊዜው ይቆጠቡ፤ ውስጡ ያለው ነገር መጠኑ ስለማይታወቅ ሐኪሙ ከሕመሙ ጋር ሊለየው አይችልም። ጠበል ለሚወስዱ የምለው በልክ ይሁን ነው፤ ብዙ ሊትር ጠጥቶ ማስመለስ አሁን ያለውን ድርቀት ይደግመዋል። ጾምም ቢሆን፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ ክሬቲኒኑ እስኪረጋ ይቆይ፤ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸውና የንስሐ አባታቸውን ወይም ሼኩን ማነጋገር ነው። በአካባቢው ውኃ ያለው ፍሎራይድ ነው ያመጣው የሚልዎ ጎረቤትም ይኖራል። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ጥርስና አጥንት እንደሚጎዳ እውነት ነው፤ በአራት ቀን ግን ክሬቲኒንን ከ0.9 ወደ 3.1 አያወጣም።

ማገገሙን እንዴት ያውቁታል? ጉዳዩ የደም እጥረት ብቻ ከነበረ ፈሳሹ በተተካ በሁለት ሦስት ቀን ክሬቲኒኑ መውረድ ይጀምራል። የኩላሊቱ ቱቦዎች ራሳቸው ተጎድተው ከሆነ ግን ለቀናት እየወጣ ይሄድና ይቆማል፣ ከዚያ በአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወርዳል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ሽንት ይበዛል፣ ክሬቲኒን ከቀን ሁለት ቀን በኋላ ይከተላል፤ ስለዚህ ሽንት በዝቶ ክሬቲኒን ባለመውረዱ ተስፋ አይቁረጡ። ሽንቱ በሚበዛበት ሳምንት ደግሞ ተመልሰው እንዳይደርቁ መጠጣቱ ከፍ ይበል። እቤት ከገቡ በኋላ ለ12 ሰዓት ያህል ሽንት ካጡ፣ ተጋድመው መተንፈስ ካቃታቸው፣ ስቅታና ትውከት ከያዛቸው፣ እግራቸው ከከዳቸው ወይም ንግግራቸው እንደገና ከተምታታ ሌሊትም ቢሆን ይመለሱ።

ክሬቲኒን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በሳምንት፣ ከዚያ በሁለት ሳምንት፣ ከዚያም በወር እየታየ እስከ ሦስተኛው ወር ይሄዳል። የሦስተኛው ወር ምርመራ የሽንት አልቡሚንንም (ወደ ሽንት የሚያልፍ ፕሮቲን) ይጨምር፤ ያልተመለሰው ከዚያ በኋላ ሥር የሰደደ ተብሎ ይያዛል። አንድ ማሳሳቻ አለ፦ ሆስፒታል ተኝተው ከከሱ ክሬቲኒኑ በጡንቻ መሳሳት ብቻ ሊወርድ ስለሚችል 1.0 ሲያዩ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል ለማለት አይቸኩሉ። ኢናላፕሪል ለዘለዓለም የቀረ አይደለም። ክሬቲኒኑ ረግቶ፣ ፖታሲየሙ ከ5 ወርዶ፣ እየበሉና እየጠጡ ሲሆን በ2.5 ሚሊግራም ይጀመራል፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ደም ይታያል፣ ክሬቲኒን እስከ 30 በመቶ ቢጨምርም እንታገሣለን። ሜትፎርሚን የረጋው አቅም ከ30 በታች ከሆነ አይመለስም፣ ከ30 እስከ 45 ከሆነ በቀን ከ1000 ሚሊግራም አይለፍ። ወደፊት ደግሞ ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዛቸው ዕለት ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ሜትፎርሚን ይቁሙ፤ ኦአርኤስ አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በትንሽ በትንሹ ይጠጡ። በደህና መብላትና መጠጣት ከጀመሩ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ መድኃኒቶቹ ይመለሱ። ማቆም የሚረሳ ብዙ ነው፤ መመለስ የሚረሳውም አያንስም፣ ግፊቱ እንዲሁ ሳይታከም ወር ያልፋል።

ጉልበታቸውን በተመለከተ ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን በክኒንም በመርፌም ከእንግዲህ የለም። ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ወይም 1 ግራም፣ በቀን ከ3 ግራም ሳይበልጥ ይውሰዱ፤ ከጉንፋን መድኃኒት ጋር ሲደረብ ፓራሲታሞል በሁለቱም ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ወረቀቱ ይነበብ። የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ቢሆንም ክሬቲኒኑ እስኪረጋ ይቆይ። ትራማዶል ለሽማግሌ ያዞራል፣ ይጥላል፣ በደከመ ኩላሊትም ይጠራቀማል፤ ያለ ሐኪም አይገዛ። ፋርማሲ ሲሄዱም «ለጉልበት የሚሆን ስጡኝ» አይበሉ፤ «ኩላሊታቸው ተጎድቶ ነበር፣ ፓራሲታሞል ብቻ» ብለው ይጠይቁ። ጉልበቱ ካበጠና ከሞቀ ግን ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በደም ውስጥ ዩሪክ አሲድን ከፍ ስለሚያደርግ መድኃኒቱ ከመመለሱ በፊት ይህም ለሐኪሙ ይነገር።